ባለቤቴ ባሕር ትፈራለች፤ ልጄ ደግሞ ዓሣ ካላጠመድኩ ይላል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ወንዱ 11 ዓመቱ፣ ሴቷ 5 ዓመቷ ነው። እናቴም የልጅ ልጆቿን ለማየት ከባሕር ዳር መጥታ አብራን አለች፤ የምትመለሰው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው።

ልጄ ዓመቱን ሙሉ የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ ሲያይ ነው የከረመው። «ውጤትህ ጥሩ ከሆነ በሰመር እወስድሃለሁ» ብዬው ነበር። እሱ ቃሉን ጠብቋል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየዓመቱ ከሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ጀልባ ከነካፒቴኑ ተከራይቶ ቱና ሊያጠምድ ይወጣል። ዘንድሮ «ቤተሰብህን ይዘህ ና፣ እኔም ሁለቱን ልጆቼን አመጣለሁ፣ 1,900 ዶላሩን እንካፈላለን» አለኝ። ሌሊት ወጥተን ከሰዓት በኋላ ነው የምንመለሰው። ቀኑ ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ያለ ቅዳሜ ነው። 400 ዶላር ቀብድ እስከ ዓርብ ክፈል ተብያለሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት «ልጆቼን ለባሕር አልሰጥም» ብላ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። አብሯት ያደገ የአጎቷ ልጅ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ሰጥሞ እዚያው ቀርቷል። አሥር ዓመት አልፎታል፣ አስከሬኑም አልተገኘም። እቤታችን ስሙ አይነሳም። እናቴ ይህን ሳታውቅ «የጣና ልጅ ሆኜ እኔ ውኃ ልፈራ? እንዲያውም አብሬ እሄዳለሁ» ብላ ስቃ ነገሩን አባባሰችው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ፍልሰታንም ከዓሣ ጭምር ነው የምትጾመው። ከመካከላችን ዋና የተማረው ወንዱ ልጄ ብቻ ነው።

ቀብዱን ከፍዬ ቀስ ብዬ ልንገራት? ወይስ ልጄን ብቻ ይዤ ሄጄ ልመለስ? ወይስ ጭራሽ ይቅር?

የሁለት ልጆች አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣ የዓርቡን ቀጠሮ እርሳውና ቀብዱን አትክፈል። ባለቤትህ ደስ ብሏት «እንሂድ» ብትል እንኳ ይህኛው ጉዞ ለእናንተ ቤተሰብ የሚሆን አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ልጅህ ግን ዘንድሮ ዓሣ ማጥመድ ይችላል፤ እናትህም ከፈለጉ አብረው።

አስቀድመን ስለ ባለቤትህ እናውራ። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ለቅሶው መቋጫ የለውም። መቃብሩ ላይ ሄዶ የሚነጠፍ አበባ የለም፤ አርባና ሰማንያውም ቢወጣ «ምናልባት በሕይወት ቢኖርስ» የሚል ነገር ከውስጥ አይጠፋም። ለመሆኑ መርዶው ሲመጣ አገር ቤት ነበረች ወይስ እዚህ? ሰው ተሰብስቦላት በወጉ አልቅሳለች? ወይስ ፈረቃዋ ደርሶባት እንባዋን ጠርጋ ሥራ ገባች? እዚህ አገር እንዲህ ያለፈ ሐዘን የታቀፈ ሰው ብዙ ነው። ስሙ እቤታችሁ አይነሳም ካልክ፣ ሐዘኑ እሷ ውስጥ እስካሁን ትኩስ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ይሄ እኮ አሜሪካ ነው፣ ላይፍ ጃኬት አለ፣ ኮስት ጋርድ የሚባል የባሕር ጠባቂ አለ» የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተወው። እውነት ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። ልጆቹ ሲተኙ፣ ስለ ጉዞው አንዲት ቃል ሳታነሳ፣ ስለ አጎቷ ልጅ ጠይቃት። ስሙን ጥራው። ምን ዓይነት ልጅ ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ ያወሩት መቼ ነው? ያን ማታ የአንተ ሥራ ማዳመጥ ብቻ ይሁን። እሷ ከፈቀደች ደግሞ ለእናትህ ነገሩን ለብቻቸው ንገራቸው። ቢያውቁ ኖሮ ያን ቀልድ ከአፋቸው እንደማያወጡት እገምታለሁ፤ እንዲያውም እንደ እናት አቅፈው ሊያስለቅሷት የሚችሉት እሳቸው ይሆናሉ። እንቅልፍ የሚነሳት ወይም ልጆቹ መዋኛ ሲገቡ እንኳ የሚያንቀጠቅጣት ከሆነ ለንስሐ አባቷ፣ ወይም በሐዘን ላይ ለሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታወራ ይቀላታል። ይህን ግን ለጉዞው ስትል አታድርገው።

ያነሳሃቸው ሁለት መንገዶች ያሰጉኛል። ቀብዱን ከፍለህ ቀስ ብለህ ብትነግራት፣ የምትሰማው «በልጆቼና በባሕር ጉዳይ ከጀርባዬ ይወስናል» የሚለውን ብቻ ነው። ልጅህን ብቻ ይዘህ ብትሄድስ? ጀልባው ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ከራቀ በኋላ ስልክ አይሠራም። ያን ሁሉ ሰዓት ስልኳን እያየች ትቀመጣለች፤ የማይነሳ ስልክ መደወልን ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ጀልባው። ከኦሽን ሲቲ ቱና የሚጠመደው የብስ ተዳፋቱ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ የሚወርድበት ጠርዝ አካባቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ማይል ይርቃል። መሄጃው ብቻ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ልጅህ ገና በአንደኛው ሰዓት ማስመለስ ብትጀምር፣ ከልጆቹ አንዱ ቢፈራ፣ እናትህ ቢደክማቸው፣ ወደ መሬት መመለስ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ማጥመዱም ቢሆን ልጅ የሚወደው ዓይነት አይደለም። ዘንጎቹ በጀልባው ጎንና ጎን ይሰካሉ፣ ጀልባው እየሄደ ማባበያዎቹን ከኋላ ይጎትታል፣ ረዳቱ ሁሉንም ይሠራል። ልጁ የናፍጣ ሽታ እያሸተተ ሁለት ሰዓት ቁጭ ይላል። ድንገት ሪሉ (ክር መጠቅለያው) ሲጮኽ ደግሞ የተያዘው ቱና የ11 ዓመት ልጅ ጉልበት የሚችለው ላይሆን ይችላል፤ ዘንጉ ለትልቅ ሰው ይሰጥና እሱ ተመልካች ሆኖ ያርፈዋል።

ሌላም አለ። እናንተ አምስት፣ ባልደረባህ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሦስት፣ ስምንት ሆናችሁ ማለት ነው። አብዛኞቹ የቻርተር (ከነካፒቴኑ የሚከራይ ጀልባ) ካፒቴኖች በኮስት ጋርድ ፈቃዳቸው መጫን የሚችሉት እስከ ስድስት ከፋይ ተሳፋሪ ነው። ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ለመጫን ጀልባው ራሱ በኮስት ጋርድ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት፤ ያ ወረቀት በጀልባው ላይ በግልጽ ይለጠፋል። «ልጆች ናቸው፣ ችግር የለውም» የሚል ካፒቴን ካጋጠመህ ሌላውንም ደንብ እንደዚሁ እንደሚያየው ጠርጥር። ለባልደረባህ «ቤተሰቡ ለዚያ አልደረሰም፣ አንተ ከልጆችህ ጋር ሂድ» በለው፤ ስድስት የሚሞላ ሌላ ሰው አያጣም።

ለእናንተ የሚሆነው ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ርዝመቱ ወደ 200 ማይል ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ያህል ነድተህ ቼሳፒክ ቢች ወይም ዲል ትደርሳለህ፤ ከሁለቱም የቻርተር ጀልባዎች ይነሳሉ። ወደ ደቡብ ሶሎመንስም አለ፣ መንገዱ ግን ይረዝማል። ከእነዚህ ቦታዎች ለልጆች የሚሆን ማጥመጃ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ አይበልጥም። መሬት ከዓይን አይጠፋም፤ ይህ ለባለቤትህ ትልቅ ነገር ነው።

ቼሳፒክ የዋህ ነው ማለቴ አይደለም። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ነፋሱ ከውኃው ፍሰት በተቃራኒ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንድ ጫማ ማዕበል ምንም አይደለም፣ ሁለት ጫማ ይቻላል፣ ሦስት ጫማ ከሆነ ግን ከልጅና ከአዛውንት ጋር አይወጣም። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል። ስለዚህ የጠዋቱን ጉዞ ያዝ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ 5 ሰዓት ላይ የሚመለሰውን፣ በእዚህ አገር አቆጣጠር ከ7 እስከ 11 መሆኑ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ የአራት ሰዓት ጉዞ ይበቃታል፤ እንዲያውም በሦስተኛው ሰዓት «ቤት እንሂድ» ልትል ትችላለች።

ብዙ ሰው የሚጭኑ፣ በነፍስ ወከፍ የሚያስከፍሉ ትልልቅ ጀልባዎችም አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ብዙውም አይናወጡም። ለሌላ ቤተሰብ እመክራቸው ነበር። ችግሩ ለአንድ ሰው ብለው አይመለሱም። እናንተ ደግሞ «አሁኑኑ መልሰን» ማለት የምትችሉበት ጀልባ ያስፈልጋችኋል፤ ይህን ለባለቤትህ ቃል መግባት ካልቻልክ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። ለስድስት ሰው የሚከራይ ጀልባ ለግማሽ ቀን ከ500 እስከ 800 ዶላር አካባቢ ብትባል ብዙም አይግረምህ። ከዚያ ላይ ለረዳቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጨመራል፣ በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። በሜሪላንድ በቻርተር ጀልባ ላይ ላላችሁበት ጊዜ የማጥመድ ፈቃድ የጀልባው ነው፤ እናንተ አታወጡም።

ቀኑን በተመለከተ ፍልሰታን ተወው። ቅዳሜ ስለሆነ እናትህ ከጠዋት እህል ባይከለከሉም፣ ያጠመዱትን መቅመስ አይችሉም፤ ቤተሰቡ ዓሣ ሲጠብስ እሳቸው ሽሮ ይዘው ይቀመጣሉ። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱና ነጎድጓዱ አለ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያሉት ቅዳሜዎች ይሻላሉ። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ክረምቱን ሲወፍር የከረመው ስፖት የሚባለው ዓሣ ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት ሲሰበሰብ በብዛት ይያዛል፣ ነጩ ፐርችም አለ። በመስከረም ነፋስ ስለሚበዛ ግን አንድ ቅዳሜ ያዝና ቀጣዩን በመጠባበቂያነት ከካፒቴኑ ጋር ተነጋገር። እናትህ መስከረም መጨረሻ ስለሚሄዱ ሁለት ዕድል ይበቃሃል።

ስለ ሮክፊሽ ልጅህ በቪዲዮ አይቶ ይሆናል። የቼሳፒክ ዝነኛው ዓሣ እሱ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ስላሽቆለቆለ ሜሪላንድ ደንቡን በየጊዜው እያጠበቀች ነው። በቅርብ ዓመታት ለአንድ ሰው በቀን አንድ፣ ያውም ርዝመቱ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ ብቻ ሲፈቀድ ቆይቷል፤ በሰመር ጭራሽ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ቀኑን በሮክፊሽ ላይ አትገንባው። ከመጣ ደስታ ነው።

ለካፒቴኑ ስትደውል እንዲህ በለው፦ «አምስት ነን፣ የ5 እና የ11 ዓመት ልጆች፣ የ67 ዓመት እናት አሉን። ትልቅ ዓሣ አንፈልግም። ጀልባው ቆሞ፣ ከሥር፣ ትናንሽ ዓሣ በብዛት የሚያዝበት ቦታ ውሰደን።» ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው ካፒቴን የእናንተ ሰው ነው። «ሮክፊሽ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው» የሚለውን አመስግነህ ስልኩን ዝጋ። ከዚያ ሽንት ቤት እንዳለው ጠይቅ፤ ትናንሽ ጀልባዎች ላይ አንዳንዴ ባልዲ ነው ያለው፣ ለእናትህም ለልጅህም አይሆንም። ጥላ ወይም ጣሪያ ያለው ክፍል አለ? በልጅህ ልክ ላይፍ ጃኬት አለ? ነፋስ ስንት ሲሆን ነው የምትሰርዘው? እሱ በአየር ጠባይ ምክንያት ከሰረዘ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዛወራል? እኛ መሃል ላይ ተመለሱ ብንልህ ሙሉ ክፍያህን ይዘህ ያለ ንትርክ ትመልሰናለህ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ መልእክት እንዲልክልህ አድርግ፤ ለባለቤትህ የምታሳየው ነው። ነፋሱ 15 ኖት (በሰዓት 17 ማይል ያህል) ከሆነ እኔ አልወጣም የሚል ካፒቴን ቢያጋጥምህ «ገንዘብ የማይፈልግ ሰነፍ» ብለህ አታማው።

ማቅለሽለሽን ከዋዜማው ጀምረህ ተዋጋው። ሌሊት በደንብ መተኛት፣ ጠዋት ቅባት የሌለው ቀለል ያለ ነገር መብላት፤ ደረቅ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ሙዝ። (ሙዙን ግን እቤት ብሉት። ብዙ የአሜሪካ ዓሣ አጥማጆች ሙዝ በጀልባ ላይ ገድ የለውም ይላሉ፤ አንዳንዱ ካፒቴን የምሩን ነው የሚቆጣው።) ባዶ ሆድ ከሞላ ሆድ አይሻልም። ድራማሚን የሚባለው ክኒን ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ከተወሰደ ይሠራል፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ግን ብዙም አይረዳም። ለትንሿ መጠኑን በክብደቷ የሕፃናት ሐኪሟ ይንገርህ፤ አንዳንድ ልጅ ላይ በእንቅልፍ ፋንታ ቅብጥብጥነት ስለሚያመጣ ከጉዞው በፊት በሆነ ቅዳሜ እቤት ሞክሩት። እናትህ ከግፊት መድኃኒታቸው ጋር ይስማማ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቅ ምንም አትስጣቸው። እነዚህ ክኒኖች በዕድሜ የገፋ ሰው ያደነዝዛሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፤ የደነዘዘ ሰው ደግሞ እርጥብ ጀልባ ላይ ይንሸራተታል። ግላኮማ ካለባቸው በተለይ ተናገር። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውን የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለልጆች በፍጹም አታድርግ። ጀልባው ላይ ከኋላ ወደ መሃል ያለው ቦታ የሚናወጠው ያነሰ ነው፤ የከፋው ሰው ወደ ውስጥ ክፍል ገብቶ ከመተኛት ይልቅ ነፋስ እየመታው ሩቁን የመሬት ጠርዝ ቢያይ ይሻለዋል። ልጅህ ስልኩን አጎንብሶ ካየ አንተ የከፈልከው ሁሉ ባዶ ነው።

ላይፍ ጃኬት ጀልባው ላይ ይኖራል፤ ለልጆቹ ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን ክብደት ነው፦ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ አንድ ልክ፣ ከ50 እስከ 90 ፓውንድ ሌላ። ዘለበቶቹን ሁሉ ቆልፈህ ልጅቷ እጇን ወደ ላይ እንድታነሳ አድርግና የትከሻውን ጨርቅ ወደ ላይ ሳበው። አገጯንና ጆሮዋን ካለፈ ሰፊ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሾልካ ትወጣለች። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። አንድ ሳምንት ቀድማ ሳሎን ውስጥ ለብሳው ትጫወት፣ በዕለቱ አታለቅስም። አንተም፣ ባለቤትህም፣ እናትህም ከመውጣት እስከ መመለስ ልበሱ። ካፒቴኑ ባይለብስ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ዋና የማትችሉት እናንተ ናችሁ።

የእናትህን ነጠላ ነገር አደራ። ጀልባ ላይ ነጠላ ያምራል፣ ነገር ግን ነፋሱ ጫፉን ይወስድና ወይ ሪል ላይ ይጠመጠማል ወይ ያለፈ መንጠቆ ይይዘዋል። ሻሽ ጥብቅ አድርገው ይሰሩ፣ ከላይ ቀለል ያለ እጀ ረጅም ይልበሱ፤ ነጠላው መኪና ውስጥ ይቆያቸው። ጫማ ለሁሉም ጠፍጣፋ፣ የጎማ ሶል ያለው፣ ቆሻሻ መስመር የማይተው። መነጽርም ለሁሉም፤ ከፀሐይ ይልቅ ከሚወረወር መንጠቆ ዓይን ያድናል።

ማጥመዱ ራሱ ቀላል ነው። ክሩ ጫፍ ላይ አንድ ወይም ሁለት አውንስ የእርሳስ ክብደት ይንጠለጠላል፣ ከእርሳሱ ከፍ ብሎ ሁለት ትናንሽ መንጠቆዎች አሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ የትል ቁራጭ ይሰካል። ቁራጩ የትንሿን ጣት ጥፍር አይብለጥ። ትልቅ ሲሰካ ዓሣው ዳር ዳሩን ግጦ ይሄዳል፣ ልጁ «በላብኝ፣ በላብኝ» እያለ ሰዓት ያልፋል። ሪሉ ይከፈትና እርሳሱ መሬት እስኪነካ ይለቀቃል፤ ክሩ ድንገት ሲላላ ደርሷል ማለት ነው። አሁን ሪሉን ዘግቶ ክሩን ወጠር አድርጎ መያዝ። ዓሣው ሲመጣ በዘንጉ ጫፍ «ጥክ ጥክ» ይላል። የልጆች ሁሉ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ከደስታ ብዛት ዘንጉን ወደ ላይ ይመነጭቃሉ፣ መንጠቆው ከዓሣው አፍ ይወጣል፣ አንዳንዴም ከኋላ የቆመ ሰው ላይ ያርፋል። ቀስ ብሎ ዘንጉን ቀና ማድረግና ማጠንጠን ብቻ ይበቃል። ትንሿ ዘንግ መያዝ ካቃታት ረዳቱ ይያዝላትና እሷ ሪሉን ታዙር፤ ዓሣው የእሷ ነው።

የፐርችና የስፖት ክንፍ እሾህ አለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይያዙት። ብሉፊሽ ከመጣ ጥርሱ ጣት ይቆርጣል፣ ረዳቱ ያውጣው። ከጅራቱ ሥር መርዘኛ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ሬይ ከተያዘ ክሩ ይቆረጣል እንጂ ወደ ጀልባ አይገባም። መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ አትሳበው፤ ለካፒቴኑ ተወው፣ ፊት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪም።

ጀልባው ላይ ብሉ ካትፊሽ ከመጣ እናትህ «ይሄማ አምባዛ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ከሌላ አካባቢ መጥቶ ቤዩን የወረረ ዓሣ ስለሆነ ካፒቴኑ «ውሰዱት፣ ይጣፍጣል» ይላችኋል። ቅርፊት የለውምና እናትህ ካልበሉት ውኃ ውስጥ ከመመለሱ በፊት ለካፒቴኑ ንገሩት፤ የሚፈልገው አያጣም። ፐርች፣ ስፖትና ክሮከር ግን ቅርፊታቸውም ክንፋቸውም ያለ ስለሆነ ጭቅጭቅ የለባቸውም።

ስትመለሱ ረዳቱ ዓሣውን ያጸዳል፤ ዋጋው ውስጥ መሆኑን ቀድመህ ጠይቅ። ዝም ካልከው አጥንትና ቆዳውን ገፎ ሥጋውን ብቻ ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ «ሆድ ዕቃውን አውጣ፣ ቅርፊቱን ፋቅ፣ ጭንቅላቱን ተው» በለው፤ እንደ ቆሮሶው ጎኑ ተተልትሎ ሙሉውን ለመጥበስ ስፖት ልኩ ነው። ትልልቁን ፐርች ለጉላሽ ወይም ለዱለት ሥጋውን ብቻ ይስጥህ። ኩለር በረዶ ሞልተህ ለመልሱ መንገድ መኪና ውስጥ ተው፤ ጀልባው ላይም ቢሆን ዓሣው ከውኃ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ በረዶ ላይ ካልሆነ አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ይሸታል። ትልልቅ ሮክፊሽ ውስጥ የሚከማች ብክለት ስላለ የሜሪላንድ መንግሥት ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች በወር ስንት ጊዜ እንደሚበላ መመሪያ ያወጣል። ትንንሾቹ ከዚህ አንጻርም ይሻላሉ።

ባለቤትህ በዕለቱ ሦስት ምርጫ ይኑራት፤ ሦስቱንም ቀድመህ ንገራት። አብራ ትሳፈር፣ ወይም ትንሿን ይዛ ከቼሳፒክ ቢች አጠገብ ኖርዝ ቢች ያለው የእንጨት መንገድ ላይ ትቆይ፣ ወይም እቤት ትቅር። የትኛውንም ብትመርጥ ፊትህ አይለወጥ። በልጆቹ በኩል አትላክባት፤ «ማሚ እባክሽ» የሚለው ልጅ ፍርሃቷ ላይ ጥፋተኝነት ነው የሚጨምርባት። ቀኑ ከመድረሱ በፊት አንድ የሥራ ቀን ማምሻውን፣ ጀልባዎቹ ታስረው በቆሙበት ሰዓት፣ ሁለታችሁ ብቻ ዲል ወይም ቼሳፒክ ቢች ሂዱ። ጀልባው ላይ ውጪ ሳትላት ዶኩ ላይ ተራመዱ፤ ካፒቴኑ ካለ ሬዲዮውን፣ ላይፍ ጃኬቶቹ የሚቀመጡበትን ያሳያት። እዚያ ቆማ እንባዋ ቢመጣ ዝም ብለህ አጠገቧ ቁም።

«እኔም ልጆቹም አንወጣም» ብላ ከጸናችስ? እንግዲያው ዘንድሮ ጀልባ የለም፤ ዓሣ ግን አለ። ኬንት አይላንድ ላይ ማታፒክ የሚባል ለሕዝብ ክፍት የሆነ የማጥመጃ ድልድይ አለ፣ አጥር ያለው፣ በእግር የሚገባበት። ልጅህ 16 ዓመት ስላልሞላው ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አንተ ዘንግ የምትይዝ ከሆነ ግን የሜሪላንድ ፈቃድ አውጣ። ያው ሁለት መንጠቆ፣ ያው እርሳስ፣ ያው ትል ነው። ለልጅህም እውነቱን በዕድሜው ልክ ንገረው፦ እናትህ በባሕር የምትወደው ሰው አጥታለች፣ ጀልባው ይቆየናል። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል።

ከፈቀደች ግን ለካፒቴኑ ብቻህን አትደውል። እሷም ባለችበት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው፣ የመጀመሪያውንም ጥያቄ እሷ ትጠይቀው።